የለምለም ትንፋሽ

ጡረታ ወጥቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው አለ ይባላል። እኔ እንኳ አልሆነልኝም። ጠዋት ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ባለቤቴ ስንዱ «ደግሞ የት ልትሄድ ነው? መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። ገርጂ ካለው ቤታችን ወጥቼ በእግሬ ኢምፔሪያል ድረስ እሄዳለሁ። እዚያ «ጎሮ፣ ጎሮ፣ ጎሮ!» የሚል ረዳት ከቀደመኝ ጎሮ፣ «ሩዋንዳ» የሚል ከቀደመኝ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር እሳፈራለሁ። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ሬዲዮ ልሰማ ነው።

ቤት ውስጥ ሬዲዮ ሞልቷል፤ ስንዱ እንደምትለው ከሳህን ይልቅ ሬዲዮ ይበዛል። ነገር ግን ድምፅ የሚፈተነው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሞተር እየጮኸ፣ መስኮት እየተንኳኳ፣ ሰው ስልክ እያወራ ያንን ሁሉ አልፎ ጆሮ የሚደርስ ድምፅ ካለ እሱ ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሾፌር አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ሬዲዮው ላይ የምትናገረው ልጅ «ሰ» ባለች ቁጥር ጆሮዬን ትበሳኛለች። አልቻልኩም፤ እጄን ሰድጄ ማስተካከያውን ነካሁት።

«ፋዘር፣ ምን እየነካኩ ነው?»

«ትሬብሉ፣ ቀጭኑ ድምፅ፣ በዝቷል ልጄ።»

«ታክሲ ነው የተሳፈሩት ስቱዲዮ?»

ከኋላ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እጄን ግን አላነሳሁም። ትንሽ እንደሄድን «ፋዘር፣ እዚህ ይወርዳሉ አይደል?» አለኝ። መውረጃዬ አልነበረም። ወረድኩ።

ይህን አመል ያስለመደኝ ሥራዬ ነው። የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበርኩ። በወጣትነቴ የተቀጠርኩት በትልቅ ጣቢያ ነው፤ መጀመሪያ ከከተማ ውጭ ኮረብታ ላይ ማሰራጫ ጠባቂ አድርገው ወረወሩኝ። ከጅብና ከትራንስፎርመር በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ኋላ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገባሁ። ስለ ደሞዙ አታንሱብኝ። እዚያ ግን ጋሽ ዘለቀን አገኘሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ጋሽ ዘለቀ የስቱዲዮ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው። የድምፅ መለኪያውን መርፌ አያዩም። ጀርባቸውን ለማሽኑ ይሰጡና ግድግዳውን እያዩ ይሰማሉ። «መርፌው ጆሮ የለውም፤ ምን አፍጥጠህ ታየዋለህ?» ይሉኝ ነበር። ማይክሮፎን ሲፈትኑ ሰውን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አያስቆጥሩም። «ቁርስ ምን በላህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሚኒስትርም ቢመጣ ያው ነው። ሰው ሲቆጥር ወታደር ይሆናል፣ ስለ ቁርሱ ሲያወራ ግን የራሱ ድምፅ ይመጣል ባይ ነበሩ። አንድ ነገር ተስተካክሎ ሲያልቅ ደግሞ ትንሿን የባትሪ ሬዲዮ በኮታቸው ኪስ ከተው ይወጣሉ። ጸጉር ቤት ይገባሉ፤ ሳይቆረጡ፣ ሳይላጩ፣ ወረፋ የያዙ መስለው ከሰው ጋር ተቀምጠው ይሰማሉ። እኔን ግን መቀመጥ ሳያስተምሩኝ ቀሩ።

ዓመታት አለፉ። እሳቸው ጡረታ ወጡና ጎረቤቴ ሆኑ፤ እኔ ደግሞ ከትልቁ ጣቢያ ለቅቄ ሩዋንዳ አካባቢ በተከፈተች አንዲት ትንሽ የኤፍኤም ጣቢያ ገባሁ። ትንሽ ስል የምሬን ነው። ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ላይ አንድ አንቴና። ድምፃችን ጎሮ ሲደርስ ተንገዳግዶ ነው የሚደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ሹክሹክታ ነው። ከታች መጥበሻ ይንኳኳል፣ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ከላይ ደግሞ አውሮፕላን። ቦሌ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው አውሮፕላንን የፕሮግራሙ ተባባሪ አዘጋጅ አድርጎ መቀበል አለበት።

ሥራ አስኪያጃችን ናሆም የሚባል ወጣት ነበር። ልቡ ጥሩ ነው፤ ጩኸት ግን ይወዳል። አንድ ቀን ካርቶን ታቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ መጣች! ዲጂታል ፕሮሰሰር! ከእንግዲህ ክሊን ነን፣ ላውድ ነን። ዳያሉን ሲያዞሩ እኛ ጋ ሲደርሱ መደንገጥ አለባቸው።»

«አድማጭ ማስደንገጥ ነው እንዴ ሥራችን?»

«ጋሼ ደግሞ!»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ልቤ ዘለለ። ፕሮሰሰር ማለት ድምፅን አሰናድቶ ለማሰራጫው የሚያቀብል ማሽን ነው። ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል፣ የሚጮኸውን ይገታል፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ይዞ ያመዛዝናል። በትልቁ ጣቢያ ይህን የሚሠሩት ቁም ሳጥን የሚያህሉ ማሽኖች ነበሩ፤ አሁን ሁሉም አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በላፕቶፕ ይታዘዛል። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋጁ ምርጫዎች አብረውት መጥተዋል። አንዱን ሞከርኩት፤ ማሲንቆው እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ። ሌላውን ሞከርኩ፤ ከበሮው የዘፋኙን ድምፅ እየጎተተ አወረደው። ሁሉንም ትቼ ከባዶ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሚገባውን ድምፅ ልክ አስያዝኩ፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ኋላ ምን ቢያደርግ አይመለስለትም። ቀጥሎ ዝቅታውን የሚያነሳውን ክፍል ቀስ ብሎ እንዲሠራ አደረግሁት፤ ከተቻኮለ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ድምፁ እንደ ማዕበል ይመጣል ይሄዳል። ከዚያ ገቺውን። በመጨረሻ ማይክሮፎኑ ላይ ወዳለው «ጌት» ወደሚባለው በር መጣሁ። ይህ በር ሰው ሲናገር ይከፈታል፣ ዝም ሲል ይዘጋል። የአስተዋዋቂዋ ድምፅ ያልፋል፤ መጥበሻው፣ ጄኔሬተሩና አውሮፕላኑ ውጭ ይቀራሉ። ጠበቅ አደረግሁት። በጣም ጠበቅ አደረግሁት። አስተዋዋቂያችንን ለምለምን «ቁርስ ምን በላሽ?» ብዬ አስወራኋት፤ እሷ ስታቆም ዝምታው እንደ ጉድጓድ ውኃ ጠራ። እንዲህ ያለ ዝምታ በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ናሆም አቀፈኝ።

ለምለም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምትቀርብ ፕሮግራም ነበረቻት። የተጣሉ ሰዎች ይደውሉና ሆዳቸውን ያወራሉ። ለምለም አትመክርም፣ አትፈርድም፤ ታዳምጣለች። ሰው ሁሉ «እሷ ጋ ሲያወሩ ይቀላል» ይላል። ለምን እንደሚቀል የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ማሽኑ በገባ ሰሞን ደዋዮች መሐል ላይ እያቆሙ «ሄሎ? ሄሎ?» ማለት አበዙ። እሷም «አለሁ፣ ይቀጥሉ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና «ሄሎ?» ናሆም «ኔትወርክ ነው» አለ። ለምለም «ኔትወርኩ ዛሬም ታመመ» አለች። እኔም ኔትወርክ ነው አልኩ። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ መሐንዲስ ሽቦውን ይከታተል ነበር። እኛ አገር «ሄሎ ሄሎ» ሲባል የሚደነግጥ ማን አለ? ኔትወርክን ረግመን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ያኔ ነው ኦቦ ቱፋ የደወሉት።

ኦቦ ቱፋ የጎሮ ተወላጅ ናቸው፤ ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ ጤፍና ሽንብራ በነበረበት ጊዜ እዚያው ያረሱ። ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ገመዳ ይባላሉ። ቱፋ የአባታቸውን አውድማ ለወንድማቸው ሳይነግሩ ለቤት ሠሪ ሸጡ። ገመዳ በሰው ሠርግ ላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በቆመበት ሌላው አይቆምም። ሽማግሌ ቢላክ ገመዳ አሻፈረኝ አሉ፤ «በሕዝብ ፊት የተባለ በጓሮ አይታረቅም፤ ከፈለገ ሰው እየሰማ ይናገር» ብለው። አሁን ደግሞ ገመዳ ታመው አልጋ ይዘዋል። ለምለም ወራት ሙሉ ስትለምን ቆይታ ቱፋ በሬዲዮ ይቅርታ ሊጠይቁ እሺ አሉ። ገመዳም እንደሚሰሙ ቃል ገቡ።

ያን ሐሙስ ሁላችንም የስቱዲዮው መስታወት ሥር ቆመን ነበር። ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«ገመዳ… እንደምን አለህ ወንድሜ። እኔ ቱፋ ነኝ።» ዝም። «ያን አውድማ… አባባ በበሬ ያበራዩበትን…» ዝም አሉ። «ሄሎ?»

«አለሁ አባቴ፣ ይቀጥሉ» አለች ለምለም።

«እ… ምን ልል ነበር… ያን አውድማ ስሸጥ አንተ…» እንደገና ቆሙ። «ሄሎ? ሰው አለ?»

«እየሰማሁዎት ነው፣ ኦቦ ቱፋ።»

«አይ። ሰው አለ ወይ? ለማን ነው የማወራው? እየሳቃችሁብኝ ነው እንዴ?»

ለምለም መልስ ሳትጨርስ ስልኩ ተዘጋ። መልሰን ደወልን፤ ጠፍቷል። ናሆም ዘፈን አስገባ። ለምለም የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጥፋቷ ምን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችን። እኔ ሽቦ መነቃቀል ጀመርኩ። ስጨነቅ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ገና ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ዘለቀ ናቸው።

«ምን አድርገሃት ነው ልጅቷን?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ለምለምን። ሞተች እኮ። ትንፋሽ የላትም።»

«ጋሼ፣ ድምፁ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም…»

«ሬሳም ጥሩ ዝም ይላል። መጣሁ።»

በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን እየቆጠሩ ሳይሆን እየረገሙ ወጡ። አዲሱን ማሽን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ፤ ጎንበስ ብለው ዞረው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። «ቆንጆ ናት» አሉ። ከዚያ ለምለምን ወንበሯ ላይ አስቀመጡና እኔን ስልክ አስይዘው ወደ ሌላው ክፍል ላኩኝ።

«አንቺ ምንም እንዳትናገሪ» አሏት። «እሱ ያውራ፤ አንቺ እንደ ልማድሽ ስሚው። አንተ፣ ቁርስ ምን በላህ?»

ጀመርኩ። «ዛሬ ፍርፍር ነው የበላሁት። ስንዱ ቃሪያ አብዝታበት…» በስልኩ ውስጥ ምንም የለም። «ቃሪያ አብዝታበት፣ እኔ ደግሞ ጨጓራዬ…» አሁንም ምንም። የተዘጋ ምንም። አፌ ውስጥ ያለው ቃል ሲደርቅ ይታወቀኛል። ስለ ፍርፍር የማወራ ሽማግሌ፣ የሚሰማኝ የሌለ፣ ጅል መሰልኩ። ሳላስበው «ሄሎ?» አልኩ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያቺን ነገር ሁላችንም እናደርጋታለን፤ ማድረጋችንን ግን አናውቅም። ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ሳብ እናደርጋለን። አዎ ማለት ነው፤ አለሁ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥል ማለት ነው። በቃል «አለሁ» ያልከው ሰው ያቋርጣል፣ በትንፋሽ ያልከው ግን ይቀጥላል። የለምለም ሙያ እሷ ነበረች። ሰው ተናግሮ ባረፈ ቁጥር ሳብ ታደርጋለች፤ አንዳንዴ ለስለስ፣ አንዳንዴ ረዘም፣ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ ቆረጥ ያለች። እኔ የጠረቀምኩት በር ያቺን ከአውሮፕላንና ከመጥበሻ ጋር ቆጥሮ ውጭ ዘጋባት፤ ወደ ደዋዩ ስልክ የሚሄደውም በዚያው በር ያለፈው ድምፅ ነበርና።

ጋሽ ዘለቀ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ የምንፈትነው የሚናገረውን ነው» አሉ፤ «የሚያዳምጠውን ፈትነን እናውቃለን? እኔም አላውቅም።» ወንበር ስበው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው።

በሩን ላላ አደረግሁት። እንዳይጠረቀም፣ ገርበብ እንዲል፣ ሲዘጋም ቀስ ብሎ እንዲዘጋ። እሳቸው ግድግዳውን እያዩ «ገና ነው… ገና ነው…» ይሉኛል። ለምለም ሳብ አደረገች። «አሁን መጣች» አሉ። አውሮፕላኑም አብሮ መጣ። ናሆም እየሮጠ ገባና «ጋሼ! አውሮፕላኑ ተመለሰ እኮ!» አለ።

«ቦሌ ነን እኮ ልጄ» አሉት ጋሽ ዘለቀ። «ወዴት ይሂድልህ?»

በማግስቱ ከለምለም ጋር ጎሮ ሄድን። ቱፋ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከፊታቸው ያ አውድማ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። መጀመሪያ ሊያዩን አልፈለጉም። የሆነውን ነገርናቸው። ማሽን ትንፋሽ ዘጋ ብሎ ለአንድ ገበሬ ማስረዳት ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ወዲያው ገባቸው። «እኔም እኮ» አሉ፣ «ግድግዳ የማናግር መሰለኝ። በሬም እኮ ስታናግረው ጆሮውን ያነሳል።» በሚቀጥለው ሐሙስ ሊደውሉ ተስማሙ። ስንወጣ ለምለም ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ በደስታ ታክሲ መጠበቅ አቅቶኝ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ገመዳ ግን ሐሙስን አልጠበቁም። ማክሰኞ አረፉ።

ለቅሶ ደረስን። ቱፋ ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም። ከውጭ፣ ጫማ ከሚጠርጉ ልጆች አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠራቸው የለም፤ ለመግባትም አይደፍሩም። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ፤ መቀመጥም መሄድም አቃተኝ፤ ከድንኳን ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ድንኳን እመላለሳለሁ። በሥራ ዘመኔ ማሰራጫ አቃጥያለሁ፤ ዜና መሐል ላይ መብራት አጥፍቻለሁ። ያ ሁሉ ተጠግኗል። ይህን በምን እንደምጠግነው አላወቅሁም።

የገመዳ ሚስት አደ ጫልቱ ይባላሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከድንኳኑ ወጡና በቀጥታ ወደ ቱፋ ሄዱ። ቱፋ ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው አስቀመጧቸው።

«የዚያን ቀን ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አድርጌለት ነበር» አሉ። «አንተ ‹ሰው አለ ወይ› አልክ። አልሰማህም እንጂ መለሰልህ። ‹ነን ጅራ፣ ቱፋ› አለ። ‹አለሁ› አለህ። ዘፈኑ ሲመጣም ሬዲዮኑን ይዞ ‹አለሁ፣ ተናገር› ይል ነበር። ይሄን ሳልነግርህ አልውልም።»

ቱፋ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ፤ ረጅም። አደ ጫልቱ እጃቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ አስገቧቸው፤ የሟች ልጆችም ለአጎታቸው ቦታ ለቀቁ። እኔ ያኔ አለቀስኩ።

ከአርባው በኋላ ቱፋ በለምለም በኩል ስልኬን አፈላልገው ደወሉልኝ። «ስለ ገመዳ ያላወራሁት አለኝ» አሉ። ጊዜው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። በሚቀጥለውም ሐሙስ ደወሉ።

ጋሽ ዘለቀ አሁን የሉም። ለምለም ልጆች ወልዳ ሥራውን ተወች። ጣቢያው ማሽኑን ቀይሯል፤ አዲሱን አንድ ልጅ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ ቴክኒሻን አያስፈልግም ተባለና ወጣሁ። አዲሶቹ ማሽኖች ትንፋሽን ራሳቸው ለይተው ለቅመው ይጥላሉ፤ ማንም ሳያዛቸው። በየሚኒባሱ እየተሳፈርኩ የምፈልገው ያንን ነው፤ አንድ ጣቢያ ላይ፣ አንዲት ልጅ፣ ሰው ሲያወራት ሳብ ስታደርግ ልሰማ። እስካሁን አልሰማሁም። ባልሰማሁ ቁጥር ወርጄ ሌላ እሳፈራለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ግን አልወጣም። ስንዱ «ዛሬ እሾሁ ወለቀ?» እያለች ታሾፍብኛለች። መስኮቱ ሥር ወንበሬን አስጠግቼ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ቱፋ አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። አንድ ታሪክ ደጋግመው ያወሩልኛል፤ ገመዳ በልጅነቱ ከአውድማው ላይ ጭድ ሲያለብሳቸው፣ ገመዳ በሬ ሲያባርር ወድቆ ሲነሳ። እኔ ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። አልፎ አልፎ ትንፋሼ አይሰማቸውም መሰለኝ፣ ወይም ኔትወርኩ ይሆናል፣ መሐል ላይ ያቆማሉ።

«ሄሎ?» ይላሉ። «ሰው አለ?»

«ነን ጅራ» እላለሁ። «አለሁ፣ ኦቦ ቱፋ። ይናገሩ።»